አዲስ በረዶ በጣለ ማግስት፦ በኮሎራዶ ተራሮች የስኪን ወቅት በደንብ ለመጀመር

ጥቅምት ሲገባ ከዴንቨርና ከኦሮራ በስተ ምዕራብ ያሉት የሮኪ ተራሮች ነጭ መልበስ ይጀምራሉ። በአገር ቤት «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት የብርድ ወቅት እዚህ የስኪ ሥፍራዎች ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሊፍታቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ወቅት ነው። ከሁሉ ቀድመው ለመክፈት በየዓመቱ የሚሽቀዳደሙት አራፓሆ ቤዝን፣ ላቭላንድና ኪስቶን ሲሆኑ፣ ሦስቱም ከዴንቨር በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ በሚያመች ርቀት ላይ ይገኛሉ። የሚከፈቱበት ቀን ግን እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል፤ አራፓሆ ቤዝን በ2019 ኦክቶበር 11 ቀን ሲከፍት፣ በ2023 ግን እስከ ኦክቶበር 29 ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስኪን በመጠኑ ለሚያውቅ፣ ቢያንስ አረንጓዴ (ለጀማሪ) እና ቀለል ያሉ ሰማያዊ (ለመካከለኛ ችሎታ የተመደቡ) መውረጃዎችን ሳይቸገር ለሚወርድና በፈለገበት ቦታ መቆም ለሚችል ሰው ነው። መነሻ ሐሳቡም ይህ ነው፤ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ የሚጥል አዲስ በረዶ የሚሰጠው ደስታ ታላቅ ቢሆንም፣ የላዩን እንጂ የታቹን አያሳይም። ስለዚህ የሚሄዱበትን ቀን ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቁልቁለት ድረስ የሚወስኑት ሁሉ «ከሥሩ ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ቢነሣ ቀኑ ያምራል፣ ጉልበትና ስኪም ይተርፋሉ።

ስኪ ተጫምቶ የማያውቅ ሰው ግን በእነዚህ ሳምንታት ባይጀምር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። በመክፈቻው ሰሞን ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መውረጃ ብቻ ነው፤ በአራፓሆ ቤዝን በቅድሚያ የሚከፈተው ሃይ ኑን የተባለው መውረጃም ሰማያዊ፣ ማለትም ለመካከለኛ ችሎታ የተመደበ ነው። ለጀማሪዎች የተለየው ላቭላንድ ቫሊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ተራራ ዘግይቶ ይከፈታል። ሰው በበዛበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ በፍጥነት በሚወርዱ ሰዎች መካከል መቆምን መማር ያስፈራል፣ ያደክማል፣ ጨዋታውንም ያስጠላል። ዲሴምበር ሲጋመስ፣ የጀማሪዎች ሜዳ ተከፍቶ፣ ከአስተማሪ ጋር መጀመር እጅግ የተሻለ ነው። «ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም» እያሉ ለሚያመነቱ ወገኖች ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን ማስታወስ እወዳለሁ።

ከሥሩ ምን አለ?

በወቅቱ መጀመሪያ ላይ በተራራው ላይ ሁለት ዓይነት በረዶ አለ፤ አንዱ ከሰማይ የወረደው ሲሆን ሌላው ማሽን የሠራው ነው። ላዩን ሲያዩት ሁሉም እኩል ነጭ ነው፤ ስኪ ሲያርፍበት ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ማሽኑ ውሃንና የታመቀ አየርን አንድ ላይ ወደ ላይ እየረጨ፣ ጠብታዎቹ መሬት ሳይደርሱ እንዲረጉ ያደርጋል። ለዚህ ሌሊቱ መቀዝቀዝ አለበት። ሆኖም የኮሎራዶ አየር ደረቅ በመሆኑ፣ ጠብታው አየር ላይ ሳለ በከፊል እየተነነ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲያሳይም ማሽኖቹ ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ። በዚህ መንገድ የተሠራው በረዶ ቅንጣቱ ደቃቅና ክብ፣ ክምሩም ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ነው። ሠራተኞቹ በየቦታው የተከመረውን በከባድ መኪና እየዘረጉና እየደመደሙ ንጣፍ ያበጁለታል፤ አራፓሆ ቤዝንና ላቭላንድም ለመክፈት ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት ይህ ንጣፍ ወደ 18 ኢንች፣ ማለትም 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት እስኪደርስ ነው። የሰው ክብደት የሚሸከመውና ድንጋዩን ከስኪ የሚለየው ይኸው ንጣፍ ነው። በደቡብ ኮሎራዶ የሚገኘው ዎልፍ ክሪክ ከሰማይ በወረደ በረዶ ብቻ ቀድሞ የሚከፍትባቸው ዓመታት መኖራቸው እውነት ነው፤ በኢንተርስቴት 70 ዳር ላሉት ተራሮች ግን ያለ ማሽን የመክፈቻው ቀን ብዙ ይዘገይ ነበር።

ከሰማይ የወረደው የኮሎራዶ በረዶ ደግሞ በጣም ቀላልና ደረቅ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥሎ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ቀልጦ ቢለካ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ነው፤ የቀረው አየር ነው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ እንዲህ ያለው በረዶ ለወራት በተደራረበና በጠነከረ በረዶ ላይ ስለሚያርፍ ከእርሱ የተሻለ ነገር አይገኝም። በኦክቶበር ግን ከሥሩ ያለው ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ጉቶና ድንጋይ ነው፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት በአንድ ጊዜ እስከ መሬቱ ይሰምጣል።

ይህን በዓይን ለማየት ከመውረጃው ዳርቻ ላይ ቆም ብለው፣ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ማሽኑ የሠራው ንጣፍ የሚያልቅበት መስመር በአዲሱ በረዶ ተሸፍኖ አይታይም፤ ነገር ግን ሁለት እርምጃ ያህል ከመስመሩ ባሻገር የደረቀ ሣር ጫፍ በበረዶው ውስጥ ሾልኮ ወጥቶ ይታያል። ከዚያም ወዲያ በረዶው ክብ ክብ እያለ ጎበጥ የሚልባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ የድንጋይ አናት ናቸው። የስኪ ዱላዎን በመውረጃው በኩል ቢወጉት አዲሱን በረዶ አልፎ ወዲያው ደረቅ ነገር ላይ ጠብቆ ይቆማል። በሌላው በኩል ሲወጉት ግን ያለ ምንም ተቃውሞ ይሰምጥና ጫፉ ድንጋይ ላይ ሲፋቅ በእጅዎ ላይ ይሰማዎታል። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ በዚያ ቀን የሚንሸራተቱት ዱላው በሚቆምበት በኩል ብቻ ነው።

ገመድ የተዘረጋበትና «ዝግ» የሚል ምልክት የቆመበት ቦታ የተዘጋው በዚህና ከዚህም በከፋ ምክንያት ነው። በኮሎራዶ በወቅቱ መጀመሪያ የሚጥለው ስስ በረዶ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ሞቃት፣ ከላይ ያለው አየር ደግሞ ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ ውሎ ሲያድር ወደ ስኳር መሰል ልቅ ቅንጣት ይለወጣል፤ በተለይም ፀሐይ በማታገኘው ሰሜናዊ ቁልቁለት ላይ። በእንዲህ ያለ ልቅ ቅንጣት ላይ አዲስ በረዶ ሲጫንበት ሊናድ ይችላል። ናዳ የክረምቱን አጋማሽ አይጠብቅም፤ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልም ከዚሁ ከመጸው ጀምሮ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ማውጣት ይጀምራል። ከገመዱ ማዶ ያለው ያልተነካ ነጭ ሜዳ የቱንም ያህል ቢያስጎመጅ፣ ሌላ ሰው ሲገባበት ቢያዩም፣ አይከተሉ። በኮሎራዶ ሕግ መሠረትም በተዘጋ መውረጃ መግባት ክልክል ነው።

የተራራው የዕለት ዘገባ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚያየው «በ24 ሰዓት ውስጥ የጣለ አዲስ በረዶ» የሚለውን ቁጥር ነው። እርስዎ ግን አስቀድመው የንጣፉን ውፍረትና የተከፈቱትን መውረጃዎች ብዛት ይመልከቱ። አዲሱ በረዶ 10 ኢንች፣ የተከፈተው መውረጃ ግን አንድ ብቻ ከሆነ፣ ተራራው ሁሉ 10 ኢንች ለብሶ እያለ መጫወቻው ያ አንድ መንገድ ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ ሥፍራዎች በመለኪያ በትር ላይ ያነጣጠረ ካሜራ ስላላቸው፣ ከመተኛትዎ በፊትና ሲነሡ ቢያዩት በረዶው መቼ እንደጣለ ይገባዎታል። መውረጃው በማታ ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ የጣለ ከሆነ፣ ጠንካራው ንጣፍ ላይ ለስላሳው ሳይነካ አርፎ ይጠብቅዎታል። በዚህ ወቅት ሊገኝ የሚችለው ከሁሉ የሚበልጠው ሁኔታ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥም ከሥራ ፈቃድ መውሰድ የሚያስቆጭ አይደለም።

ቀንና መንገድ

ቅዳሜና እሑድ የተከፈተው አንድ መውረጃ ከሕዝቡ ጋር አይመጣጠንም፤ የሊፍቱ ሰልፍ ይረዝማል፣ በረዶውም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይላጫል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት አንዱን ይምረጡ። የሚጾም ሰው ከሆኑ ረቡዕና ዓርብን ትተው ሰኞን፣ ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታትም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታና በብርድ ላይ ባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ከስኪ ጋር አይሄድም።

በረዶ በጣለ ጠዋት ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ ከተራራው ይልቅ መንገዱ ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል የኮሎራዶ የጎማ ሕግ ይጸናል፤ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መኪናዎ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ሰንሰለት ወይም የተፈቀደ ምትኩን በመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይያዙ፣ አጠቃቀሙንም በረንዳዎ ላይ ሆነው አስቀድመው ይለማመዱ። ከመነሣትዎ በፊት ኮትሪፕ የተባለውን የክፍለ ግዛቱን የመንገድ መረጃ ይመልከቱ።

ላቭላንድ የሚገኘው ከአይዘንሃወር ዋሻ በስተ ምሥራቅ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ስለሆነ ለዴንቨር ነዋሪ መንገዱ ቀላል ነው። ወደ አራፓሆ ቤዝን አጭሩ መንገድ 3,655 ሜትር ከፍታ ባለው ላቭላንድ ፓስ በኩል የሚያልፈው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ይህም በነፋስና በናዳ ሥጋት በየጊዜው ይዘጋል። ክፍት ቢሆንም እንኳ በረዶ በጣለ ማለዳ ዋሻውን አልፎ በሲልቨርቶርንና በዲለን በኩል በኪስቶን አድርጎ መምጣት፣ ጥቂት ደቂቃዎች ቢጨምርም፣ ለልብ ያሳርፋል። በመኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና የመጠጥ ውሃ ይኑር፤ ጋቢ ካለም እዚሁ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ጋቢ መንገድ ተዘግቶ ለሰዓታት ሲቆም ከምንም በላይ ያሞቃል፣ ነገር ግን ጥጥ በመሆኑ በረዶ ላይ ከረጠበ ሙቀት ስለማይይዝ ወደ መውረጃው ይዘውት አይውጡ።

ሊፍቱ ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ጫማ ማጥለቅና ትኬት መያዝ ከሚታሰበው በላይ ጊዜ ይፈጃሉ።

ዕቃና ልብስ

አዲስ የገዙት ውድ ስኪ ካለዎት ለጃንዋሪ ይቆይ። በዚህ ወቅት ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ድንጋይ መንካትዎ አይቀርም፤ አሮጌ ስኪ ወይም የኪራይ ስኪ ይጠቀሙ። ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የነበረ ስኪ ከሆነ የብረት ጠርዙ ዝገቱ ይጥፋና ይሳል፣ ከሥሩም ሰም ይቀባ። ጠርዙን ችላ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከረፋድ በኋላ አዲሱ በረዶ ሲላጭ ከሥሩ የሚወጣው ንጣፍ ደረቅ ነው፣ የሚይዘውም የተሳለ ጠርዝ ብቻ ነው። ጫማውን ከስኪ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ደግሞ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ተሰልቶ በባለሙያ የሚስተካከል ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ክብደትዎ ከተለወጠ ወይም ጫማ ከቀየሩ እንደገና ያሳዩት፤ በጣም የጠበቀ ማሰሪያ ሲወድቁ ሳይለቅ ቀርቶ ጉልበት ይጎዳል፣ በጣም የላላውም ያለ ጊዜው ይለቃል። ለባለሙያው ችሎታዎን ከፍ አድርጎ መንገር ጉዳቱ በራስዎ ላይ ነው።

ጫማው ቀኑን ሊያሳምርም ሊያበላሽም ይችላል። አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ብቻ ያድርጉ፤ ሁለት መደረብ የደም ዝውውርን አጥብቆ ስለሚይዝ እግርን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። የውስጥ ሱሪው ጫፍ ወደ ጫማው እንዳይገባ ከጫማው አፍ በላይ ሰብስበው ይተዉት፤ አንዲት የጨርቅ እጥፋት ከሁለት ሰዓት በኋላ አጥንት የሚያቆስል ትሆናለች። ተረከዝዎን ወደ ኋላ መታ መታ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ ከቁርጭምጭሚት ያለውን ማያያዣ አስቀድመው ይቆልፉ፣ የላዩን ቀጥለው፣ የጣቶቹን በመጨረሻ አላላ አድርገው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣትዎ የጫማውን ጫፍ ሊነካ፣ ጉልበትዎን ሸብረክ ሲያደርጉ ደግሞ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይገባል። ሁለት መውረጃ ከወረዱ በኋላ እግር በጫማው ውስጥ ስለሚደላደል ማያያዣዎቹን እንደገና ያጥብቁ።

ከላይ የሚለበሰው ሦስት ድርብ ይበቃዋል፤ ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ሱፍ ወይም ላብ የሚያስወጣ ጨርቅ፣ መካከለኛው የሚያሞቅ፣ የላይኛው ነፋስና ውሃ የማያስገባ። ሄልሜት ያድርጉ። ሹሩባ የተሠሩ ወይም ጸጉራቸውን ከፍ አድርገው የሚያስሩ እኅቶች ሄልሜቱን ከመከራየታቸው በፊት ጸጉሩ ወደ ማጅራት ዝቅ ብሎ እንዲታሰር ቢያደርጉ ይመረጣል፤ አናት ላይ የተቋጠረ ጸጉር ሄልሜቱን አንሥቶ ግንባርን ያጋልጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ የሚያቃጥል ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ ይህን ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ወደ ፊት ያንጸባርቃል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎችም ቅባቱን ልንቀባ፣ ከአገጭና ከአፍንጫ ሥር ሳይቀር ልናዳርስ ይገባል። መነጽሩ በደመናማ ቀን ቢጫ ወይም ሮዝ መስታወት ያለው ቢሆን የበረዶውን ጉብታ ለመለየት ይረዳል።

ለኪስ ከቆሎና ከዳቦ ቆሎ የተሻለ ስንቅ አላውቅም፤ በብርድ አይደርቅም፣ ሊፍት ላይ ተቀምጦ በጓንት እጅም ይዘገናል። በውሃ የተበጠበጠ በሶም በአነስተኛ ጠርሙስ ቢያዝ ኃይል ይሰጣል።

ቁልቁለቱ ላይ

የመጀመሪያውን መውረጃ በልምምድ ይውሰዱት። እግርዎ ከስድስት ወር በላይ ይህን ሥራ አልሠራም፤ በተለይ ወደ ታች እየወረዱ ክብደትን መግታት ጭን በሌላ እንቅስቃሴ ብዙም የማያገኘው ድካም ነው። ከሊፍቱ ወርደው ከሰው መንገድ ዘወር ይበሉ፣ ወደ ላይ ተመልክተው የሚመጣ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ይነሡ፣ መጀመሪያም ሰፋፊ መታጠፊያ እየሠሩ፣ በረዶው ከሥር ምን እንደሚል እያዳመጡ ይውረዱ።

15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አዲስ በረዶ በጠንካራ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ ስኪው ድምፁ ይጠፋል፣ ፍጥነቱም ከለመዱት ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው የስኪው አፍንጫ እንዳይሰምጥበት በመፍራት ወደ ኋላ ይንጋለላል። ይህ ጭንን ከማቃጠሉም በላይ ስኪውን መምራት ያሳጣል። ቅልጥምዎ የጫማውን የፊት ልሳን ሁልጊዜ እየነካ፣ ክብደትዎ በእግርዎ መካከል ላይ ይሁን። በተደመደመ በረዶ ላይ ክብደትን በውጭኛው እግር ላይ መጣል የለመዱ ሰዎች እዚህ በሁለቱም እግር እኩል ሊቆሙ፣ እግራቸውንም ትንሽ ሊያቀራርቡ ይገባል፤ አለዚያ ክብደት የበዛበት ስኪ ሰምጦ ሌላው ይንሳፈፍና እግሮች ይለያያሉ። ለመታጠፍ አይቸኩሉ። ስኪውን በጉልበት ከመጠምዘዝ ይልቅ ጥቂት ቀጥ ብለው ወርደው ፍጥነት ካገኙ በኋላ ጉልበትዎን ወደሚታጠፉበት በኩል ጋደል ያድርጉና ስኪው ራሱ ዞሮ እስኪጨርስ ይጠብቁት። በትክክል ሲሠራ በረዶው ከጉልበትዎ በታች እንደ ጤፍ ዱቄት እየቦነነ በሁለቱም በኩል ይከፈላል፣ ከእግርዎ ሥርም ምንም የሚያስቸግር ነገር አይሰማዎትም። ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ይህን ሁሉ መንገድ የሚነዱት ለዚህ ስሜት ነው።

ይህ የሚቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ረፋዱ ላይ ለስላሳው በረዶ በሰው ስኪ ተገፍቶ ጉብታ ጉብታ ይሆናል፣ በጉብታዎቹ መካከልም ደረቁ ንጣፍ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ ጉብታው ሲመጣ ጉልበትዎን አጥፈው ይቀበሉት፣ መታጠፊያዎንም በጉብታው አናት ላይ ይጀምሩ። የተላጨው ደረቅ ቦታ ላይ ሲደርሱ ፍሬን ለመያዝ አይሞክሩ፤ ስኪውን ጠፍጣፋ አድርገው ጸጥ ብለው ይለፉትና ከፊት ያለው ለስላሳ ክምር ላይ ፍጥነቱን ይግቱ። ለስላሳው ሁልጊዜ ወደ ዳር ስለሚገፋ ዓይንዎ ወደ ዳር ይሳባል፤ እዚህ ላይ ነው በዱላው የመረመሩት መስመር የሚታወሰው።

ሕዝቡ በአንድ መውረጃ ላይ ስለሚሰበሰብ ከድንጋይ ይልቅ የሚያሰጋው ሰው ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ከፊት፣ ከታች ላለው ሰው ነው፤ ከላይ የሚመጣው ነው የማስወገድ ግዴታ ያለበት። ማረፍ ሲፈልጉ ከላይ ለሚመጣ ሰው በሚታዩበት ቦታ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ይቁሙ እንጂ ከጉብታ ጀርባ ወይም ከጠባቡ መካከል አይቁሙ። ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ሆነው ሲሄዱ በመንገዱ ወርድ ልክ ተሰልፎ ቆሞ መጨዋወት የተለመደ ነገር ነው፤ ጨዋታው ሊፍቱ ላይ ይሁን።

ሲወድቁ ስኪው ከወለቀ የወለቀውን ከወደቁበት ቦታ በላይ ይፈልጉት፤ ሰው ተንሸራቶ ሲወርድ ስኪው ብዙ ጊዜ ከኋላ ይቀራል፣ ለስላሳ በረዶም ይሸፍነዋል። ሌላውን ስኪ ከእርስዎ በላይ በረዶው ላይ ተክለው ቢያቆሙት ለሚወርዱት ምልክት ይሆናል። ከዚያ ስኪውን ከቁልቁለቱ አግድም ያስቀምጡ፣ መጀመሪያም የታችኛውን ይልበሱ። ከመርገጥዎ በፊት የጫማዎን ሶል በዱላው ጫፍ ፈቅፍቀው ያጽዱ፤ አዲስ በረዶ ከሶሉ ሥር እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ማሰሪያው የተቆለፈ መስሎ ሳይቆለፍ ይቀርና በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ይለቃል። ማሰሪያው ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ጥርት ያለ ካልሆነ ደግመው ያጽዱት።

የከፍታው ነገር

የአራፓሆ ቤዝን የሥር ሜዳ 3,286 ሜትር፣ አናቱ 3,978 ሜትር ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስላለች፣ ከቤት የወጣ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። «ደጋ ተወልጄ አድጌ ከፍታ ምን ያደርገኛል?» የሚል ወገን ብዙ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ አናት በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ዓመታትን በቆላ ከተማ የኖረ ሰውነትም የልጅነት ልማዱን ይረሳል። ከዳላስ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሲያትል የመጣ እንግዳ ካለዎት ቢያንስ አንድ ሌሊት ዴንቨር አድሮ ይውጣ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ሲመጣ መፍትሔው ማረፍና ወደ ታች መውረድ ነው፤ ማስታገሻ ውጦ ወደ ሊፍቱ መመለስ ተገቢ አይደለም። መጠጥ ካለም ለማታ፣ ቤት ከገቡ በኋላ ይሁን።

ሲበቃ ማቆምና መመለስ

ጉዳት የሚበዛው ሰው ሲደክም ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት ጨርሶ መውጣት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እንዲያውም ምርጡ በረዶ በጠዋት ስለሚያልቅ የሚያመልጥዎ ጥቂት ነው። መታጠፊያዎ ሳያስቡት እየረዘመ ከሄደ፣ በመካከል መቆም ካበዙ ወይም ጭንዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ያ መውረጃ የቀኑ የመጨረሻ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የተራራው ጥላ በመውረጃው ላይ ሲያርፍ ጉብታና ጉድጓድ አይለይም፣ የረጠበውም በረዶ ይጠጥራል። ቀደም ብሎ መውጣት በመመለሻው መንገድ ላይም ይጠቅማል፤ ማታ ላይ መንገዱ የቀለጠው መልሶ ስለሚረጋ ያንሸራትታል።

ቤት ሲደርሱ ስኪውን በደረቅ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጠርገው፣ ሥሩን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ቀጭን ጭረት ሰም ይሸፍነዋል፤ ጥፍር የሚያስገባ ቁስል ወይም የተጣመመ ጠርዝ ካለ ግን ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። የጫማውን የውስጥ ልባስ አውጥተው ከማሞቂያው ራቅ አድርገው ያድርቁት፣ ሲደርቅም መልሰው ያስገቡና ፕላስቲኩ ቅርጹን እንዳይለቅ ማያያዣዎቹን አላላ አድርገው ቆልፈው ያስቀምጡ።